ቤቴ በደቦ ባሕር ስትሻገር

ጥር 6

ዛሬ ሁለት ወጣቶች መሰላል አቁመው በእንጨት ቤቴ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉ፤ 14። ጎረቤቴ ታቶ ደጁ ላይ ተቀምጦ ለጣራ ክዳን የሚሆን እንጨት ይሰነጥቅ ነበር። ቀና ብሎ አየና፣ «እንኳን ደስ ያለሽ ኤርሲራ፣ ሎተሪ ወጣልሽ!» አለኝ።

ሎተሪ አይደለም። የተዘጋው የዓሣ ፋብሪካና መጋዘኖቹ ሙዚየምና የሥዕል አዳራሽ ሊሆኑ ነው። መንግሥት ገንዘቡን መድቧል። ከወደቡ ጀምሮ እስከ ፋብሪካው ድረስ በውሃው ዳር የእግረኛ መንገድ ይሠራል። መንገዱ የሚያልፈው በማድቤቴ ነው።

ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ በዚህ ዳርቻ የሚታየው ዝገትና የተኛ ውሻ ብቻ ነበር። አንድ ነገር ይሠራ ብለን ስንጸልይ ኖረናል። በማን ቤት ላይ ይሠራ ብለን ግን አልጸለይንም።

ጥር 11

የሥራው ኃላፊ መጣች። ማካሬና ትባላለች፤ ከዋና ከተማው የመጣች፣ ጫማዋ ለጭቃችን የማይሆን፣ ሳቂታ ልጅ። ኮረብታው ላይ ከሚሠራው አዲስ ሕንጻ አንድ ክፍል እንደሚሰጠኝ ነገረችኝ። ከዚያ ባሕሩ ይታያል ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«የውሃ ጋኑ ላይ ከወጡ ይታያል፣ ዶኛ ኤርሲራ» አለች። ወዲያው አፍራ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ።

ስትነሳ መደርደሪያዬን አየች። ከባሕሩ በኩል ያለው ግድግዳ ከወለል እስከ ጣራ መጽሐፍ ነው። የፋብሪካው የሠራተኞች ክበብ ሲዘጋ ለእሳት የተጣሉትን እኔና ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ኖልቤርቶ በጋሪ አምጥተናቸዋል። እኔ ፊደል የለየሁት ዓሣ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ኖልቤርቶ ዓሣውን ሲያወጣ እኔ ወረቀቱን አጥቤ አደርቅ ነበር።

ማካሬና ቆማ ቀረች። ከዚያ እንደ ሕፃን እጇን አጨበጨበች። «ቤቱን ለምን እናፈርሳለን? እንዳለ እናዛውረዋለን! ፋብሪካው ግቢ ውስጥ እናስቀምጠው። ምድር ቤቱ የሙዚየሙ የንባብ ክፍል ይሁን፤ እርስዎ እስከ ዕድሜዎ ፍጻሜ ፎቁ ላይ ይኑሩ። እዚህ ደሴት ላይ ቤት በባሕር ያንሳፍፋሉ አይደል?»

አዎ፣ ያንሳፍፋሉ አልኳት።

ጥር 12

ደስ ብሎኝ ነቃሁ። ደስታው ከየት እንደመጣ ለማስታወስ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ሳስታውስ ሌላውም ነገር አብሮ ትዝ አለኝ።

ጥር 20

ገበያ።

«ጤና ጣቢያው ሐኪም የለውም፤ ለሥዕል ግን ገንዘብ አለ!» ይህቺ ዓሣ ሻጯ ኦርፌሊና ናት።

«ሥዕል ለማየት የሚመጣው ቱሪስት ምን ሊበላ ነው? ሥዕሉን?» አላት አንዱ። «አንቺው ጋ ነው የሚመጣው።»

«ይምጣና እናያለን። ዋጋ ሲከራከር ግን ሥዕሉን ብላ እለዋለሁ።»

ሁለቱም እውነት አላቸው ብዬ አሰብኩ። ሐኪምም ያስፈልገናል። ነገር ግን ልጆቻችን ከዚህ የሚሄዱት በሕመም ብቻ አይደለም፤ ማታ የሚበራ አንድም መስኮት ስለሌለም ነው። ይህን ልናገር አፌን ከፈትኩና ሽንኩርት ገዛሁ።

የካቲት 2

ምክር ቤቱ በየምሰሶው ማስታወቂያ ለጠፈ። «ቤት ለማዛወር የቀን ሠራተኛ ይፈለጋል። ክፍያ በሰው፣ በሬ ላለው ጭማሪ። ምሳ ይቀርባል።»

ታቶ አንዱን ገንጥሎ አመጣልኝ። ፊቱ ቀልቷል። «ለደቦ ደሞዝ? ነገ ደግሞ ለለቅሶ ይከፈለናል! ተነገ ወዲያ ሚስቴን ስስም ደረሰኝ ትቆርጥልኛለች!»

የካቲት 9

አንድም ሰው አልተመዘገበም። ማካሬና ማድቤቴ ውስጥ ተቀምጣ አለቀሰች። የመጋቢቱ ትልቅ የባሕር ሙላት ካለፈ ቤት የሚያነሳ ውሃ እስከ መጪው ዓመት የለም፤ ገንዘቡ ደግሞ እስከዚያ አይቆይም። በሚያዝያ መጀመሪያ አፍራሹ መኪና ይመጣል።

«ምን አጠፋሁ? ሰው በነጻ ይልፋ ማለት አፈርኩ እንጂ!»

«ከዚህ በነጻ የሚለፋ የለም» አላት ታቶ። «ዛሬ ያንቺን ቤት እጎትታለሁ፣ ነገ የኔን ትጎትቻለሽ። ገንዘብ ከሰጠሽኝ ግን ነገ ምን ልጠይቅሽ ነው? ሒሳባችንን ዘጋሽው እኮ!»

«እሺ፣ ማን ይጥራ ታዲያ?»

«ባለቤቷ ናታ። ደጅ ለደጅ ሄዳ፣ ቆማ፣ ለምና። በወረቀት አይሆንም፣ በስልክ አይሆንም። መጀመሪያ የሚለመነው ደግሞ ደቦውን የሚመራው ነው። እሱ እሺ ሳይል ማንም እሺ አይልም።»

«ማነው የሚመራው?»

«ኤውሎሂዮ ነው። ሌላ ማን አለ!»

እኔ ውሃ ልጥድ ተነሳሁ። ውሃው ግን ቀድሞም ተጥዶ ነበር።

የካቲት 15

ከኮረብታው ሥር ያለችውን የድንች መሬቴን ኮተኮትኩ። አጥብቄ የያዝኩት የእናቴ ድንች ነው፤ ጥቁር፣ ረዘም ያለ፣ ሲቆርጡት ውስጡ ሐምራዊ ቀለበት ያለው። እዚህ ሴት ስታገባ የእናቷን ዘር ይዛ ነው የምትሄደው። እኅቴ ልጅ ሳትወልድ ስለሞተች አሁን ይህን ዘር የያዝኩት እኔ ብቻ ነኝ። ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። ለእኔ ሁለት ጆንያ ይበቃኛል። የተረፈው መሄጃውን ያውቃል።

የካቲት 19

ኤውሎሂዮ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ዙኒልዳ በሩን ከፈተች። እንቁላል ትሸጣለች። እንቁላል ገዝቼ ተመለስኩ።

የካቲት 21

እንቁላል ገዛሁ።

የካቲት 24

እንቁላል። ታቶ አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ «ኤርሲራ፣ ልትታቀፊው ነው?» አለኝ። ለእሱም ሰጠሁት፤ ለማካሬናም ሰጠኋት። ለውሻውም ቀቀልኩለት። እግሬ እዚያ ደጅ ላይ ሲደርስ አፌ ሌላ ነገር ይናገራል። በመጽሐፍ ውስጥ ሰዎች በሁለት መስመር የሚናገሩትን እኔ በሦስት ደርዘን እንቁላል አልቻልኩም።

የካቲት 27

ማታ ነው። ንፋስ አለ።

እኛ ገና አዲስ ተጋቢዎች ሳለን ኤውሎሂዮ ቤቱን ከማዶው ወደዚህ ሊያሻግር ደቦ ጠራ። በዚያ ጠዋት ጀልባ ፈልጎ እኛ ደጅ መጣ። ኖልቤርቶ ትኩሳት ይዞት ተኝቷል ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። ትኩሳት ያለበት ሰው ጀልባ አይነዳም፤ ይህ እውነት ነው። የጀልባችን ሞተር ገና ሳምንት አልሞላውም ነበር፤ ይህም እውነት ነው። ኖልቤርቶን አልቀሰቀስኩትም፤ ደክሞት ነበር።

በአንድ ጀልባ ብቻ ጎተቱት። ቤቱ ጥቁሩ ዓለት ላይ ተቀመጠ፤ ውሃው ሸሸ፤ የቤቱ ወገብ ተሰበረ። ሰው አልተጎዳም። ያን ክረምት ከነልጆቻቸው ትምህርት ቤቱ ውስጥ አሳለፉ።

ኖልቤርቶ ከቀትር በኋላ ነቅቶ መስኮቱ ጋ ሄደና ዓለቱ ላይ ያለውን ቤት አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ደግ ሰው ነበር፤ አንድም ቃል አልተናገረኝም። ምነው በተናገረኝ።

መጋቢት 3

ዛሬ በሩን ላንኳኳ ስል ዙኒልዳ ቀደመችኝ፤ እጄን ሳላነሳ ከፈተችው። «እንቁላል አልቋል» አለች። «ዶሮዎቹም ፈርተውሻል።»

እንግዲህ ሌላ የምገዛው ነገር አልነበረም። ኤውሎሂዮ ምድጃው አጠገብ ማቴውን፣ መራራውን የቅጠል ሻይ፣ እየጠጣ ነበር። ደጃፉ ላይ ቆሜ እናቴ ያስተማረችኝን ቃል አንድ በአንድ ተናገርኩ። «ዶን ኤውሎሂዮ፣ ልለምንዎ መጥቻለሁ። ቤቴ መንገድ ልትሄድ ነው። እኔ ጉልበት የለኝም፤ ጉልበትዎን ይስጡኝ። እኔ በሬ የለኝም፤ በሬዎን ይስጡኝ።»

እሱ ማቴውን ጨረሰ። እንደገና ሞላው። እኔ እንደቆምኩ ነኝ፤ የሚለምን ሰው አይቀመጥም።

«የሚጎትት ጀልባ አለሽ?» አለኝ።

«የለኝም። የኖልቤርቶን ሸጥኩት።»

«ጥሩ ጀልባ ነበረች። ሞተሯም ጥሩ ነበር።» እሳቱን ቆሰቆሰ። «እሱም ጎበዝ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ትኩሳት ብቻ ነው የሚያስቸግረው።»

ዙኒልዳ ጀርባዋን ሰጥታ ሳህን ታጥባለች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ማወቅ አልቻልኩም።

«የተለመነ ሰው እንቢ አይልም» አለ ኤውሎሂዮ በመጨረሻ። «ጀልባ እኔ አገኛለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ቤቱ ባዶ ይሁን። ማንኪያ እንኳ አልፈልግም። ውሃ ላይ ያለ ቤት ውሸት አይወድም፤ ያዘነበለ እንደሆነ ያ ዓለት እዚያው ቆሞ ይጠብቃል።»

ወደ ቤቴ እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም። ብቻ ስመለስ እየዘፈንኩ እንደነበር ታቶ ነገረኝ። «ኤርሲራ ድምፅ አላት! በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ አጥር ተጋርተን!»

መጋቢት 10

ደጅ ለደጅ። ማካሬና አብራኝ ትሄዳለች። የጎማ ቦት ገዝታለች። የልመናውን ቃል ሸምድዳዋለች፤ «ሙዚየሙ ጉልበት የለውም፤ ጉልበትዎን ይስጡት» ስትል ሽማግሌዎቹ በሳቅ ይሞታሉ፣ ከዚያ እሺ ይላሉ። ማስታወቂያዎቹን በገዛ እጇ ገንጥላ ምድጃዬ ውስጥ ጨመረቻቸው።

ኦርፌሊና ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ ሰማችኝ። «ለሙዚየሙ ብዬ አልመጣም» አለች። «ላንቺ ነው የምመጣው። ሙዚየሙ እግረ መንገዱን ይጠቀም።» ከዚያ ማካሬናን በቢላዋዋ እያመለከተች፣ «አንቺ ደግሞ ሐኪሙን አትርሺ!» አለቻት። ማካሬና ማስታወሻ ያዘች።

በዚህ ሁሉ ዓመት ማንንም ምንም ሳልለምን የኖርኩት ለምን ነበር? ኩራት ይመስለኝ ነበር።

መጋቢት 18

ዕቃው ሁሉ ታቶ ጎተራ ገባ። አልጋ፣ ምድጃ፣ ማንኪያም ጭምር። መስኮቶቹ ተነቀሉ። ግድግዳው ከውስጥ በወራጅ እንጨት ተወጠረ።

የታቶ ጎተራ ያፈሳል። የራሱን ጣራ የማይከድን ክዳን ሠሪ! መጽሐፍ ርጥበት አይችልም። መደርደሪያው ደግሞ ከግድግዳው ጋር የተሠራ ስለሆነ የግድግዳው አካል ነው ማለት ይቻላል። በሳንቃ ጋረድኩት። መጽሐፍ ዕቃ አይደለም።

ማምሻውን ኤውሎሂዮ መጥቶ ከሥር ከሥር አየ፣ ምሰሶዎቹን መታ መታ አደረገ። «ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው» አልኩት።

መጋቢት 20

በጠዋት። ውሃው ሸሽቷል። ዳርቻው በሰው ተሞልቷል። ስምንት ጥማድ በሬ! ኦርፌሊና ምግቡ የሚበስልበትን ጉድጓድ ታስቆፍራለች። ጣራው ላይ ባንዲራ ተተከለ። ተጠራሁ።

ቀትር። ቤቴ ከምሰሶዎቿ ወርዳ አሸዋ ላይ ቆማለች። በሬዎቹ ጎተቷት! እንደ አሮጊት ሙሽራ እየተወዛወዘች ሄደች። እንድትንሳፈፍ ባዶ በርሜሎች እያሰሩላት ነው። ውሃው እየመጣ ነው። ግቢ ብለውኛል፤ ባለቤት ከቤቷ ጋር ትሄዳለች።

ደብተሬን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ልገባ ነው።

መጋቢት 21

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ስንስቅ አመሸን።

ከቀትር በኋላ ውሃው ከሥር ገባ፤ ቤቷ ሦስት ጊዜ ቃተተችና ተነሳች። ወለሉ ከእግሬ ሥር ሲላላ ተሰማኝ። ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ታቶ፣ ማካሬናና የሚገባውን ውሃ እየቀዱ የሚያፈሱ አራት ሰዎች ነን። ሁለት ጀልባዎች በገመድ ይጎትቱናል። ኤውሎሂዮ ከፊተኛው ጀልባ ላይ ቆሞ ይመራል፤ ዙኒልዳ ከኋላው ተቀምጣ ገመዱን ትጠብቃለች። ዳርቻው ላይ ሕዝቡ ይጮኻል፣ አኮርዲዮን ይሰማል። መስኮት በሌለው መስኮት ከተማዬን ከባሕሩ በኩል አየኋት። ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ያን ያህል ቆንጆ መሆኗን አላውቅም ነበር።

ከዚያ አንድ የተረፈ ባዶ በርሜል ከማካሬና እግር ሥር ተንከባሎ ወደ ግራ ሄደ። ቀስ ብሎ። ሁላችንም አየነው።

«ያዘነብላል!» አለ ታቶ።

በግራ በኩል ያለው የመደርደሪያው ግድግዳ ነው። ከግራ በኩል ደግሞ ጥቁሩ ዓለት ከውሃው በላይ ጀርባውን ብቻ አውጥቶ እየቀረበ ነው።

«በግራ በኩል ምን አለ?» ብሎ ኤውሎሂዮ ከጀልባው ጮኸ። «ኤርሲራ! ባዶ ነው አላልሽኝም?»

ቤቱ ውስጥ ካሉት ማንም ወደ እኔ አልዞረም፤ ማንም አልጠረጠረኝም። ዝም ብል ጭነቱን ማንም ሳያውቅ ቤቷ ዓለቱ ላይ ትቀመጥ ነበር። ዝም ማለት እችልበታለሁ፤ ስኖርበት ነው የኖርኩት።

መስኮቱ ላይ ወጥቼ ጮኽኩ። «ዋሸሁዎት! ዶን ኤውሎሂዮ፣ ዋሸሁዎት! መጻሕፍት ናቸው!»

ሁለት ጊዜ እንደጮኽኩ ማካሬና ነግራኛለች። ሁለተኛውን የጮኽኩት ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ከዚያ የዙኒልዳ ሳቅ በውሃው ላይ መጣ፤ እንደ ደወል ያለ ሳቅ ነው። ኤውሎሂዮ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ፦ «ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ወደ ቀኝ አሻግሯቸው! አንድ እንኳ ውሃ ውስጥ የጣለ ዋኝቶ ያወጣታል!»

ሳንቃውን ነቀልን። ተሰለፍን። መጻሕፍቱ ከእጅ ወደ እጅ ከግራ ወደ ቀኝ መጓዝ ጀመሩ። ውሃ ቀጂዎቹ በእርጥብ እጃቸው እንዳይነኩ ሸሚዛቸው ላይ ይጠርጉ ነበር። መሐል ላይ ሰልፉ ቆመ።

«ታቶ፣ አቀብል እንጂ አታንብብ!» ብላ ማካሬና ጮኸች።

«እያነበብኩ አይደለም፣ ሥዕሉን እያየሁ ነው! ኤርሲራ፣ እንዲህ ያሉ ሴቶች ያሉበት መጽሐፍ እንዳለሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የሰውነት ክፍሎች መጽሐፍ ነው፣ አንተ ባለጌ!»

በርሜሉ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ መሐል ተንከባለለ። ዓለቱ በመስኮቱ በኩል አለፈ፤ እጄን ብዘረጋ ላዩ ላይ የተለጠፉትን ዛጎሎች የምነካ መሰለኝ። በዚያ ድንጋይ ፊት ለፊት ይህን ሁሉ ዓመት በጠዋት ቁርስ እበላ ነበር፤ ቀና ብዬ አይቼው ግን አላውቅም። ትናንት አየሁት። ድንጋይ ነው።

ፋብሪካው ግቢ ስንደርስ በሬዎቹ እየጠበቁን ነበር። ቤቷ ከውሃው ወጥታ እያንጠባጠበች በቦታዋ ስትቆም ሕዝቡ ባርኔጣውን ወደ ላይ ወረወረ። ማካሬና ከነቦቷ ውሃ ውስጥ ዘለለች። የምክር ቤቱ ሰው ንግግር ሊያደርግ ወረቀት አወጣ፤ ኦርፌሊና ወረቀቱን ተቀብላ የፖም ጠጅ ጽዋ አስያዘችው።

ጉድጓዱ ተከፈተ። በጋለው ድንጋይ ላይ የዛጎል ዓሣው፣ ሥጋው፣ ባቄላው፣ ሁሉም በትልልቅ ቅጠል ተሸፍኖ በስሏል። ዙኒልዳ ከቤቷ ያመጣችውን የድንች ቂጣ በሳህን ይዛ እኔ ጋ መጥታ ተቀመጠች። ቆረሰችና ሰጠችኝ። ውስጡ ሐምራዊ ነው።

እጄ ላይ ይዤው ቀረሁ።

«ብዪ እንጂ» አለች። «የናትሽ ዘር አይደለም? ይህን ድንች ከዚህ ደሴት ማን ሌላ ይዘራዋል? የመጀመሪያው ጆንያ ያለ ላኪ በሌሊት ደጃችን ላይ የተገኘ ጊዜ ኤውሎሂዮ አንድ ቆርጦ አየና፣ ‹የኖልቤርቶ ትኩሳት ለቀቀው ማለት ነው› አለኝ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ታውቁ ነበር?»

«ሞኝ! ግማሹን ዘራነው። ግማሹ ደሴት ያንቺን ድንች ነው የሚበላው።» ቂጣዋን ነከሰች። «ልነግርሽ ፈለግኩ። እሱ ግን፣ ‹ተይ፣ ራሷ ትምጣ› አለኝ። አንቺ ደግሞ መጣሽና እንቁላል ገዛሽ!»

ማዶ ኤውሎሂዮ ከበሬዎቹ ጋር ቆሟል። ጽዋውን ወደ እኔ ከፍ አደረገ። ቂጣውን በላሁ። ጨው በዝቶበት ነበር፤ ከዓይኔ ይሁን ከማድቤቱ አላውቅም።

ሚያዝያ 26

ድንቹ ተቆፍሮ አለቀ። የንባብ ክፍሉ ገና በር የለውም፤ ልጆቹ ግን በመስኮት እየገቡ ነው። ታቶ የሰውነት ክፍሎችን መጽሐፍ ለማየት በየቀኑ ይመጣል። ጤና ጣቢያው ሐኪም አላገኘም፤ ኦርፌሊና ማካሬናን ባየቻት ቁጥር ቢላዋዋን ታነሳባታለች።

የባሕሩ ዳር መንገድ የመጀመሪያው ክፍል ተነጥፏል። ዛሬ በጠራራ ፀሐይ አንድ ጆንያ በጋሪ ጭኜ ሄድኩበት። ማድቤቴ የነበረበት ቦታ ላይ ስደርስ አረፍ አልኩ። ሁለት ሰዎች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ባሕሩን ያያሉ። ቦታው ከድሮም ጥሩ ነበር፤ ለእኔ ብቻ መሆኑ ነው እንጂ።

ዙኒልዳ በሩን ከፈተች። ጆንያውን አየች፣ እኔን አየች፣ ፊቷን አኮሳተረች።

«ይህን ድንች ማን ላከው?»

«እኔ» አልኳት።

«በይ ግቢ» አለች። «እንቁላል ጥጃለሁ።»